ትንሿ የኪስ ሪቮልቨር ስትነክስ፦ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱን በሚዞር ክብ ሲሊንደር ውስጥ የሚይዘው ሽጉጥ፣ «አይነክስም»፣ አይያዝም፣ የሚል ወሬ አለ። የጥይት ካርታ የለው፣ የሚንሸራተት ነገር የለው፤ ጥይቱ ከከሸፈ ቃታውን ድጋሚ ትስባላችሁ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። የከሸፈ ጥይትን ማለፍ ለሪቮልቨር ቀላል ነው። ሲነክስ ግን የምር ነው የሚነክሰው። አውቶማቲኩን በእጃችሁ ጎትታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የተቆለፈ ሲሊንደር ግን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛና ትዕግሥት ይፈልጋል። ኪስ ውስጥ የምትገባዋ ደግሞ ትብሳለች። ሞላዋ አጭር፣ ቀለህ የሚያወጣው ዘንጓ አጭር፣ ክፍተቷ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ደግሞ ላብና ብናኝ ስትጠጣ ነው የምትውለው።

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ለምትኖሩ ነው። ሱቅ ወይም ነዳጅ ማደያ ይዘው ሌሊት የሚሠሩ፣ በሕጋዊ መንገድ ትንሽ ሪቮልቨር ገዝተው ያስቀመጡ ወገኖች አሉ። ለዓመት ያህል አይነኳትም። አንድ ቀን መተኮሻ ቦታ ይወስዷትና ቃታው እምቢ ይላል። ከዚያ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ካቻቢቴ ይመጣል፣ ክዳኑ ይፈታል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው። እኔ ካየኋቸው ችግሮች አብዛኞቹ ሳትፈታ የሚገኙ ናቸው። ቆሻሻ፣ የላላ ዘንግ፣ መጥፎ ጥይት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ከውጭ ጀምሩ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ማቆም ያለባችሁ ቦታ ስትደርሱ አቁሙ።

ስለየትኞቹ ነው የምናወራው?

የዚህ ዘር ታዋቂዋ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትንሿ አካል ናት፤ አሜሪካኖቹ «ጄ ፍሬም» ይሏታል። በ1950 (እ.ኤ.አ.) ወጣች። መጀመሪያ የታየችው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ በተደረገ የፖሊስ አዛዦች ስብሰባ ስለነበር «ቺፍስ ስፔሻል» ተባለች። በ1957 ፋብሪካው ሞዴሎቹን በቁጥር መጥራት ሲጀምር «ሞዴል 36» ሆነች። አምስት 38 ስፔሻል ጥይት ትጎርሳለች። ዛሬ በብዛት የምትታየው መዶሻዋ ውስጥ የተደበቀው 642 የልጅ ልጇ ናት። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከእሷ በፊት በ1927 የወጣችው ባለ ስድስቷ ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻል አለች። ከሩገር ወገን ደግሞ ሙሉ ብረት የሆነችው ኤስፒ101 እና በ2009 የወጣችው ኤልሲአር አሉ። የኤልሲአር ታችኛው ክፍል፣ ቃታውን የያዘው ማለት ነው፣ ፕላስቲክ ነው። ታውረስ 85ም እዚሁ መደብ ውስጥ ናት። እንደ ቁልፍ መያዣ የምታክለው የኖርዝ አሜሪካን አርምስ ባለ 22ዋም አለች፤ እሷ የራሷ ጠባይ ስላላት መጨረሻ አካባቢ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ባዶ አድርጓት

ይሄንን ሁሉም ያውቀዋል። ያም ሆኖ በጥገና ሰዓት የሚባርቅ ሽጉጥ አለ። አፈሙዙን ጥይት ሊያስቆም ወደሚችል አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁ ከቃታው ይራቅ። ሲሊንደሩን ክፈቱ። በስሚዝ ቁልፉ ወደ ፊት ይገፋል፣ በኮልት ወደ ኋላ ይሳባል፣ በሩገር ወደ ውስጥ ይጫናል። ጥይቶቹን አውጡና ቁጠሩ። አምስት የምትጎርስ ከሆነ አምስት ነገር ጠረጴዛው ላይ መታየት አለበት። አራት ከሆነ አምስተኛው የት ሄደ? ቀዳዳዎቹን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ነካ ነካ አድርጉ። ከዚያ ጥይቱን ሌላ ክፍል ውሰዱ። ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ የለበትም።

ሲሊንደሩ አልከፈት ካለስ? በሲሊንደሩና በኋላ ግድግዳው መካከል በጎን ብታዩ የቀለሆቹ ጠርዝ ይታያል። ጠርዝ ካለ ጥይት አለ በሉ። የተተኮሰ ይሁን ያልተተኮሰ ከጎን አይለይም። እንዲህ ተቆልፋ ያለችና ጥይት የያዘች ሽጉጥ ቤት ውስጥ አይሠራባትም። መተኮሻ ቦታ ከሆናችሁ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ የቦታውን ኃላፊ ጥሩ። ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ለመሳሪያ ጠጋኝ ደውሉና እንዴት ይዛችሁ እንደምትመጡ ጠይቁ። ሳትናገሩ ይዛችሁ አትግቡ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ብዙ አይደለም። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ የበርሜል መጥረጊያ ዘንግና የነሐስ ብሩሽ፣ የመሳሪያ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ቀጭን ዘይት፣ የእጅ ባትሪ፣ መነጽር። ጋራዥ ውስጥ የቫልቭ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ቢኖሯችሁ ጥሩ ነው። ለልምምድ የሚሸጡ ባሩድ የሌላቸው የውሸት ጥይቶችም ግዙ፤ ርካሽ ናቸው፣ ብዙ ሥራ ይሠራሉ። ፒንሳ ግን አርቁ። ፒንሳ የነካት ሽጉጥ ከሩቅ ታስታውቃለች።

ሲሊንደሩ አልዞር ወይም አልዘጋ ሲል

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይሄ ነው።

ሲሊንደሩን ክፈቱና ዘንጉን እስከ መጨረሻው ግፉት። ከሲሊንደሩ ጀርባ ኮከብ የሚመስል ብረት ብቅ ይላል፤ ቀለሆቹን ጠርዛቸውን ይዞ የሚያወጣው እሱ ነው። ከኮከቡ ሥር በባትሪ እዩ። ያልተቃጠለ የባሩድ ፍሬ፣ ትንሽ የናስ ቅርፊት፣ የጨርቅ ብናኝ ታገኛላችሁ። አንዲት የባሩድ ፍሬ ኮከቡን የፀጉር ውፍረት ያህል ካነሳችው ጥይቶቹ ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ ቂጣቸው የኋላውን ግድግዳ ይፈትጋል፤ ሲሊንደሩ ይከብዳል ወይም ጨርሶ አይዘጋም። በቃ፣ ይሄው ነው። ሽጉጧ አልተሰበረችም።

በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ከኮከቡ ሥርም፣ ኮከቡ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳም ጥረጉ። ሽጉጧን አጋድማችሁ ቆሻሻው ወደ ውጭ እንዲወድቅ አድርጉ። ዘይት እዚያ አታድርጉ። ዘይት ባሩድ ይይዛል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጭቃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በርሜሉን ስትጠርጉም ሲሊንደሩን ዝቅ አድርጋችሁ የሚወርደው ቆሻሻ ኮከቡ ውስጥ እንዳይገባ ጠብቁ። ብዙ ሰው አጽድቶ የሚያቆሽሸው በዚህ ነው።

ኮከቡ ንጹሕ ሆኖም ካስቸገረ ዘንጉን ያዙ። በስሚዝ የዘንጉ ጫፍ ከበርሜሉ ሥር ካለች መቆለፊያ ጋር ይገጥማል። ዘንጉ በጥርስ የታሰረ ነው። ሲላላ ወደ ፊት ይረዝማል። ሲረዝም መቆለፊያዋን ይጫናል፤ መጀመሪያ ቁልፉ ይከብዳል፣ ቀጥሎ ሲሊንደሩ አልከፈት ይላል። በጣት ስትነኩት የሚዞር ከሆነ በሽታው ተገኘ።

ማጥበቂያው እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ከተከፈተ የተተኮሱ ባዶ ቀለሆች ወይም የውሸት ጥይቶች በሁሉም ቀዳዳ አስገቡ። ኮከቡ ሲጣመም የሚደግፉት እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ብታጠብቁ ቀጫጭን ማስተካከያ ካስማዎቹን ልትሰብሩ ትችላላችሁ። ከዚያ ዘንጉን በቆዳ ወይም በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ በእጅ አጥብቁ። አቅጣጫው ላይ ተጠንቀቁ። የስሚዝ ሲሊንደር ከኋላ ሲታይ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ድሮ የነበረው የተለመደው ጥርስ በተኩስ እየላላ ያስቸግር ነበር። ከ1960 አካባቢ ወዲህ ፋብሪካው ጥርሱን ገለበጠው። ስለዚህ አዲሶቹን ለማጥበቅ፣ ከአፈሙዙ በኩል እያያችሁ፣ ከሰዓት ተቃራኒ ነው የምታዞሩት። ያረጀች ሽጉጥ ከያዛችሁ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፤ በጉልበት ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ አትሂዱ። ደጋግሞ ከላላ ዘይቱን በደንብ አጥባችሁ አንዲት ጠብታ የሰማያዊ ዓይነት ቪቴ ማጣበቂያ ይበቃል። ቀዩ አይሆንም፤ ያለ እሳት አይለቅም።

ሩገሮቹ ይሄ ችግር የላቸውም። ኤስፒ101ም ኤልሲአርም ፊት ለፊት የሚቆለፉት በዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ሲሊንደሩን በያዘው ክንድ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ጥይቱ ራሱ ነው። ቂጡ ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምትለኩሰው ክብ ካፕሱል በደንብ ካልገባች ወጣ ትልና ግድግዳውን ትነካለች። እያንዳንዱን ጥይት ጠረጴዛ ላይ በቂጡ አቁሙት። የሚወዛወዝ ካለ ለዩት። ቤት ውስጥ በተሞላ ጥይት ላይ ይሄ ይበዛል።

አራተኛው የክብደት ዕዳ ነው። ሽጉጧ በቀለለች ቁጥር ርግጫዋ ይብሳል። ስትረግጥ ያልተተኮሱት ጥይቶች ቀለሃቸው ወደ ኋላ ሲሳብ እርሳሱ (የሚወነጨፈው ጫፍ) ባለበት ይቀራል፤ ቀስ በቀስ ከቀለሁ እየወጣ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ይላል፤ ከዚያ ሲሊንደሩ በርሜሉ ሥር ተይዞ ቀጥ ይላል። ፈተናው ቀላል ነው። አምስት ጉረሱ፣ አራቱን ተኩሱ፣ አምስተኛውን አውጥታችሁ ካልጎረሰው ወንድሙ ጋር አስተያዩት። ከረዘመ ያ ጥይት ለዚያች ሽጉጥ አይሆንም። ተመሳሳይ ጥይት በከባድ ሽጉጥ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል። በጣም ከሚቀሉት አንዷ የሆነችው የስሚዝ 340ፒዲ በርሜሏ ላይ ከ120 ግሬን (8 ግራም ገደማ) ያነሰ እርሳስ እንዳይተኮስባት ተጽፎባታል። ያንን ጽሑፍ ሰው አያነበውም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። «ጷ» ሳይል «ጭስስ» ያለ ወይም ርግጫው የደከመ ተኩስ ከሰማችሁ፣ ቀጥሎም ሲሊንደሩ ከተያዘ፣ ወዲያው አቁሙ። እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ጥይት ብትልኩ በርሜሉ ይፈነዳል። ባዶ አድርጋችሁ በርሜሉን በብርሃን ሳታዩ አንድም ጥይት አትጨምሩ። የተቀረቀረ እርሳስ ጠጋኝ ያወጣዋል።

ጥይቱ ሲከሽፍ

ቃታውን ሳባችሁ፣ «ጠቅ» አለ፣ ምንም የለም። አፈሙዙን ሳታነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚነድ ባሩድ አለ። ሪቮልቨር ላይ ቸኩሎ ድጋሚ መሳብ ልማድ ነው፤ በልምምድ ላይ ግን ምን ያስቸኩላችኋል? የዘገየው ጥይት ሲሊንደሩ ከዞረ በኋላ ከተነሳ ፊቱ በርሜል የለም።

ከዚያ አውጡትና የካፕሱሉን ጉድፍ (መርፌው መትቶ የተወውን ጎድጓዳ ምልክት) እዩ። ጉድፉ ብዙ ይናገራል።

ጥልቅና መሐል ላይ ከሆነ ሽጉጧ ሥራዋን ሠርታለች፤ ጥይቱ ነው መጥፎው። አንዳንዴ ሁለተኛ ሲመታ ይተኩሳል። ይሄ ብዙ ጊዜ ካፕሱሉ በደንብ አለመግባቱን ያሳያል፤ የመጀመሪያው ምት ወደ ቦታው ገፋው፣ ሁለተኛው ለኮሰው። ዘይት የጠገበ ጥይትም ይከሽፋል። ኪስ ውስጥ ስትውል በስፕሬይ ዘይት የምትነከር ሽጉጥ ካለቻችሁ፣ ዘይቱ ካፕሱሉ ውስጥ እየሰረገ ነው። የኪስ ጥይትን በየጊዜው እየተኮሱ መቀየር ነው የሚሻለው።

ጉድፉ ከመሐል ወደ ጎን ከሸሸ ሲሊንደሩ በርሜሉ ፊት በትክክል አልቆመም። ይሄ የጠጋኝ ሥራ ነው፤ ምርመራውን ከታች እነግራችኋለሁ።

ጥልቀት የሌለው ከሆነ ግን ምቱ ደክሟል። መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሞላውን የቀየረ ሰው አለ?» ትንሽ ሪቮልቨር ቃታዋ ከባድ ነው፤ ሰው ቃታውን ለማቅለል ደካማ ሞላ ገዝቶ ይገጥማል። ቃታው ይጣፍጣል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ገበያ ላይ ያለ ጥይት ሁሉ እኩል አይለሰልስም፤ ካፕሱላቸው ደንዳና የሆኑ አሉ። ለራስ መከላከያ የተቀመጠች ሽጉጥ ላይ የፋብሪካውን ሞላ መልሱ፤ ምክሬ ይሄው ነው፣ አልደራደርም። ሞላው ካልተነካ ደግሞ የደረቀ ዘይትና ቆሻሻ በመምቻው መርፌ መንገድ ላይ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል። መርፌው ከመዶሻው ጋር የተያያዘ ከሆነ ጫፉን በዓይን እዩ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተሸረፈ መሆን የለበትም። ቦዲው ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ ቀዳዳውን በማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ ነካ ነካ አድርጉና ይድረቅ። ለዚህ የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ አትጠቀሙ፤ ሲከርም እንደ ሙጫ ይሆናል።

ቃታው ሞቶ ሲገኝ

አንድ ጋሼ የምላቸው ባለ ሱቅ ሽጉጣቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ሞታለች። መዶሻውም ቃታውም አይንቀሳቀስም።» ባዶ አድርጌ አየኋት፤ ውስጧ ንጹሕ፣ ዘንጓ ጥብቅ። ከመዶሻው ግራ በኩል ትንሽ ባንዲራ የመሰለች ብረት ብቅ ብላለች። «ጋሼ፣ ከሽጉጧ ጋር የመጣች ትንሽ ቁልፍ ነበረች?» አልኳቸው። መሳቢያው ውስጥ ከሳንቲም ጋር ተቀምጣ ኖሯል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የወጡ ብዙ ስሚዞች ከአውራ ጣት ቁልፉ በላይ የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ በዚያች ቁልፍ ሽጉጧ ትቆለፋለች። የልጅ ልጅ እንዳይነካት ብለው ከዓመታት በፊት ቆልፈዋት ረስተዋታል። ቁልፏን ስናዞራት ተከፈተች። ቃታው ቀጥ ሲል መጀመሪያ ይቺን ቀዳዳ እዩ።

መዶሻው ውጭ ያለ ሽጉጥ ማኅደር ሳይኖረው ኪስ ውስጥ ከተቀመጠ ሌላው ጣጣ ብናኝ ነው። በመዶሻውና በቦዲው መካከል የጨርቅ ክር ይጠቀጠቃል። በእንጨት ስንጥር ይወጣል። ቃታው ወደ ፊት ለመመለስ የሚያመነታ ከሆነ ውስጥ ያለው መላሽ ቆሽሿል ወይም ሞላው ደክሟል። ለዚህ ክዳን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ጣታችሁ ነው። ቃታውን ሙሉ በሙሉ ሳትለቁ ድጋሚ ከሳባችሁ ሲሊንደሩ ሊዘል፣ ቃታው ሊያዝ ይችላል። ሙሉ ልቀቁት። ከዚያ በውሸት ጥይት በደንብ ተለማመዱ።

ቀለህ አልወጣም ሲል

ሁለት ኢንች በርሜል ያላት ሽጉጥ ማውጫ ዘንጓ አጭር ነው። የ38 ቀለህን እስከ መጨረሻው አይገፋም። ስለዚህ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቁማችሁ ዘንጉን በመዳፍ አንዴ በኃይል ምቱ። ቀስ እያላችሁ ብትገፉ ቀለሁ ኮከቡን አልፎ ከሥሩ ይገባል። ከገባ ደግሞ ኮከቡን ወደ ላይ ገፍታችሁ ይዛችሁ ቀለሁን በጥፍር ወይም በስንጥር ማውጣት ነው፤ ኮከቡ ላይ በካቻቢቴ አትጎርጉሩ።

ቀለሁ ተጣብቆ እምቢ ካለ ቀዳዳው ቆሽሿል። የ357 ሽጉጥ ላይ ብዙ 38 ከተተኮሰ አጭሩ ቀለህ ጫፍ ላይ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፤ ረጅሙ 357 እዚያ ሲደርስ ይያዛል። በነሐስ ብሩሽና በፈሳሽ ይለቃል። ሲሊንደሩ ታይታኒየም ከሆነ ግን በአሸዋ ወረቀትም ሆነ በሚፈትግ ነገር አትንኩት፤ ላዩን የሚጠብቀው ሽፋን ከተላጠ ብረቱ ይበላል።

ሳይፈታ የሚደረገው ምርመራ

አሁን ሽጉጧ ንጹሕና ባዶ ናት። ያገለገለች ልትገዙ ስትሉም ይሄው ምርመራ ይሠራል፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

መዶሻውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ እየሳባችሁ በሌላው እጅ ጣት ሲሊንደሩን በጣም በቀላሉ ጎተት አድርጉት። መዶሻው ሙሉ በሙሉ ከመያዙ በፊት ሲሊንደሩ «ጠቅ» ብሎ መቆለፍ አለበት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ድገሙት። አንዱ ብቻ የሚዘገይም አለ። መዶሻው ተደብቆ ከሆነ ቃታውን ቀስ ብላችሁ በመሳብ ይሄንኑ እዩ።

ከዚያ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። ትንሽ መንቀሳቀስ አለ። የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» ካለ በዝቷል። በጎን አቅጣጫ ያለው ትንሽ ልል ግን አያስደንግጣችሁ፤ የስሚዝ ባሕርይ ነው። ኮልት ግን ቃታው ተስቦ ሲያዝ ጥብቅ ነው።

በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ ቅጠሎቹ ለኩ። ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ከሆነ አትጨነቁ። ከዚያ ሲያልፍ እሳትና የእርሳስ ብጥስጣሽ ወደ ጎን ይተፋል። ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ጥቂት ተኩሶ ሲቆሽሽ ሲሊንደሩ ይያዛል።

ዘግይቶ የሚቆለፍ ሲሊንደር፣ የሚንቀጫቀጭ ሲሊንደር፣ በርሜሉ ቂጥ ላይ የሚታይ ስንጥቅ፤ ሦስቱ የቤት ሥራ አይደሉም። አትተኩሱባት፣ ላኳት።

ክዳኑን ልክፈት ወይስ ልተው?

ውሃ ውስጥ ካልገባች፣ ዘይቷ ካልደረቀ፣ ሞላ ካልተሰበረ ተውት። ግድ ከሆነ ጥቂት ነገር ላስታውሳችሁ። የቤት ካቻቢቴ አፉ ሾጣጣ ስለሆነ የቪቴውን ራስ ይበላል፤ ለመሳሪያ የተሠራውን፣ ጎኑ እኩል የሆነውን ግዙ። ቪቴዎቹን ስታወጡ የወጡበትን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሥላችሁ እየሰካችሁ አስቀምጡ። የፊተኛዋ ሲሊንደሩን የያዘውን ክንድ ስለምትይዝ ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል የለባትም። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ አታንሱ። እጀታውን አውጥታችሁ የእጀታውን ብረት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ነገር መታ መታ ስታደርጉ ራሱ ይነሳል። መዶሻቸው ውጭ ባለ ስሚዞች ላይ ክዳኑ ሲነሳ አንዲት ስስ ረጅም ብረት ትወድቃለች። ሽጉጧ ወድቃ እንዳትባርቅ የምትከለክለው እሷ ናት። «ያለ እሷም ይሠራል» ብሎ የማይመልሳት ሰው አጋጥሞኛል። አዎ፣ ይሠራል። ስትወድቅም ይሠራል።

ሩገር ኤልሲአር ክዳን የላትም፤ የቃታው ክፍል እንዳለ የሚወጣ ነው። ውስጡን አትንኩት።

ስለ ባለ 22ዋ ትንሽ ነገር ልበል። ቅጽበታዊ የመክፈቻ ክንድ የላትም፤ ሲሊንደሩ ዘንጉ ተስቦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። 22 ጥይት ካፕሱል የለውም፣ መዶሻው የሚመታው ጠርዙን ነው። ባዶዋን ቃታ ስትስቡ የሲሊንደሩን ጠርዝ ራሱን ልትመቱት ትችላላችሁ፤ በባዶ አትጫወቱባት። ጥይት ጎርሳ ስትቀመጥ መዶሻው በቀዳዳዎቹ መካከል ባሉት ትንንሽ ጎድጓዶች ላይ መቀመጥ አለበት። ጥይት ላይ አሳርፎ መያዝ ክልክል ነው።

ወደ ጠጋኝ ወይም ወደ ፋብሪካ ስትልኩ

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የራሳችሁን ሽጉጥ ለፋብሪካው ወይም ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ለጥገና መላክ ትችላላችሁ፤ ሲጠገንም በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመለስ ይችላል። አጓጓዦቹ ግን የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ስለዚህ ሳጥን ከማሸጋችሁ በፊት ለፋብሪካው የደንበኞች አገልግሎት ደውሉ፤ እንዴት እንደሚላክ ይነግሯችኋል። ጥይት አብሮ አይላክም። የቀየራችሁት እጀታና ሞላ ካለ ንገሯቸው።

ራሳችሁ የምትወስዱ ከሆነ የግዛት ወሰን አስቡ። ዋሽንግተን ዲሲ ሽጉጥ መመዝገብን ትጠይቃለች፣ የቨርጂኒያን የመያዣ ፈቃድም አትቀበልም። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለ ጠጋኝ ስትሄዱ ድልድይ ተሻግሮ በከተማው መሐል ማቆራረጥ ልማድ ሊሆን ይችላል። ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ ዙሩ። በሜሪላንድም ቢሆን ሽጉጧ ባዶ ሆና፣ በመያዣዋ ተዘግታ፣ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትሂድ።

ለጠጋኙ ስትሰጡ «አትሠራም» አትበሉ። የትኛው ቀዳዳ ላይ፣ በየትኛው ጥይት፣ ስትሞቅ ወይስ ስትቀዘቅዝ ብላችሁ ንገሩት። የከሸፉትን ቀለሆች ፎቶ አንሱ፤ ጉድፉን ሲያይ ግማሽ ሥራው ያልቃል። ጥሩ ጠጋኝ የትኛውን ቀዳዳ መጀመሪያ እንደሚያይ ለማወቅ ያ ይበቃዋል።

ስትመለስ ወዲያው ኪስ አትክተቷት። መጀመሪያ በውሸት ጥይት ሁሉንም ቀዳዳ አዙሩ። ከዚያ መተኮሻ ቦታ ውሰዷት፣ ልትይዙ ያሰባችሁትን ጥይት ራሱን ተኩሱባት፣ የመጨረሻዋን አውጥታችሁ መርዘሟን እዩ። ስትጨርሱ ኮከቡን በደረቅ ብሩሽ፣ እጃችሁን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ። የእርሳስ ብናኝ ነውና እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት።